ከፈተና በኋላ የተነገረኝ መርዶ

የጠመኔ ሽታ ዛሬም ያናድደኛል። ጎንደር ስማር ስንቄን ከሳንጃ የሚያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር። በፈተናው ዋዜማ ግን ስንቁን አጎቴ ይዞ መጣ።

«አያ ታረቀ፣ ወንድሜ ምነው ቀረ?»

«ሥራ ይዞት ነው። ይልቅ አጥና!»

የነገው ፈተና እንግሊዝኛ ነበር። «ሃቭ» እና «ሃድ»ን ከግሱ ሦስተኛ መልክ ጋር እያጣመርሁ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። «ሸጋ ነው» እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ተፈትኜ ስወጣ መርዶውን ነገረኝ። ወንድሜን ወባ ገድሎት ከተቀበረ ሦስት ቀን አልፎት ነበር።

«ፈተናው እንዳያመልጥህ ብለን ነው።»

«አፈር እንኳ ሳላለብሰው?» ብዬ ጮህሁበት።

በነጋታው ጠዋት እንግሊዝኛ መምህራችን ዘንድ ሄድሁ። «አንደኛ ወጥተሃል» አሉኝ። ቀብሩን የቀማኝን ማርክ አልፈለግሁም። ሳልኮርጅ «ኮርጄ ነው» አልኋቸው። ማርኩን በቀይ እስክሪብቶ እስኪሰርዙት ቆሜ ጠበቅሁ።