ሞጣ ላይ ግድግዳውን ያለፈችው ኳስ

ትናንት ቢቸና ጤና ጣቢያ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንዲት ቀይ ኳስ እየነጠረች አለፈች። ማስታወቂያ ነበር። ማንም ልብ አላላትም። እኔ ግን ዘቢባ ትዝ አለችኝ።

ዘቢባ ከደሴ እዚሁ ቢቸና ትምህርት ቤት ተመድባ የመጣች የኮምፒውተር መምህርት ነበረች፤ እኔ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ያኔ ትምህርቱ የሚሰጠው በፕላዝማ ነው። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ሲፈጥን ተማሪው ወደ ኋላ ይቀራል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም እንቀራለን። ትምህርት ቤታችን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ቢኖሩትም ዳይሬክተሩ እንዳይበላሹ ብለው ክፍሉን ቆልፈውታል። ዘቢባ ኮምፒውተርን የምታስተምረው በጠመኔ ነበር። ለእሷ የተፈቀደላት አንዱ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

በዚያው ስክሪኑ ላይ ኳስና ሳጥን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ላይብረሪ የምትለው ነገር ነበራት፤ የመጻሕፍት ቤት ሳይሆን ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የትእዛዝ ስብስብ ነው። ኳስ ሥራ ሲሉት ብርሃንና ጥላ ያላት ድብልብል ኳስ ያወጣል። እንድትሄድ ግን ጊዜውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፣ በየቅጽበቱ አዲስ ቦታ መስጠት ያስፈልጋል። ፍጥነትን ስንት ጊዜ አስተምሬ፣ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን መሰለኝ።

"ሞጣ የመምህራን ስብሰባ አለ" አሉን ዳይሬክተሩ። "እዚያ አሳዩ። የበላዮቹ ካመኑበት ክፍሉን እከፍታለሁ።"

ኅዳር ነበር። ኮምፒውተሩን በጋቢዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና በአውቶቡስ ሄድን። ጤፉ እየታጨደ ነው፤ የመንገዱ አቧራ ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ደብረ ወርቅ ላይ ቆሎ ገዝተን ያንኑ እየቆረጠምን ሞጣ ደረስን። መብራት የለም። ከምሳ በኋላም የለም። ሊመጣ የቻለው ስብሰባው ሊበተን ሲል ነው።

ዘቢባ ሰው እንዳይሄድባት ቸኩላ የጊዜውን እርምጃ አሰፋችው። ኳሷ ስክሪኑ ላይ ወደሠራችው ግድግዳ ሮጠች፣ አልፋውም ሄደች።

"ግድግዳው አልተመረገም እንዴ?" አለ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ።

ዘቢባ ድምፅዋን እንኳ አልቀየረችም። "የሰጠኋት እርምጃ ሰፊ ነው። መጀመሪያ ከግድግዳው ወዲህ ነበረች፤ ቀጥሎ ወዲያ ሆነች። መሀሉ ላይ ስላልነበረች ኮምፒውተሩ መንካቷን አላወቀም" አለች። እርምጃውን አሳጠረችው። ኳሷ ቀስ ብላ ሄደች፣ ነካች፣ ተመለሰች።

ሰብሳቢው ተነሡ። "ግሩም ነው። ለሚመጣው ዓመት እናስብበታለን።"

በማግስቱ ስንመለስ ዘቢባ ራሷን መስኮቱ ላይ ጣለች። በኋላ "ዝውውሬ ተፈቅዷል" አለችኝ። ልጇን ደሴ ለእናቷ ትታ እንደመጣች አውቃለሁ።

"ታዲያ ሞጣ ድረስ ምን አደከመሽ?"

"በጠመኔ ያስተማርኳቸው ልጆች አንዴ እንኳ ማሽኑን ይንኩት ብዬ ነበር።"

እኔም ማስተማሩ ሰልችቶኝ፣ ባሕር ዳር አጎቴ ሱቅ ልገባ የወሰንኩበት ሰሞን ነው። ቢቸና እንደወረድን ግን ኮምፒውተሩን እንደታቀፍኩ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

"ክፍሉን ይክፈቱልን። ቢበላሹ በእኔ ይሁን፤ እፈርማለሁ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ከፈረምክ ጥለህ መሄድ የለም።"

ፈረምኩ። ዘቢባ በምትሄድበት ሰሞን ክፍሉ ተከፈተ። ተማሪዎቿ ማሽኖቹን ከበው ሲጋፉ ከኋላ ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ጠመኔውን ከእጇ አራግፋ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስንት አቧራ ጠርጌያለሁ፣ ስንት መብራት ጠብቄያለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ በመቅረቴ አይቆጨኝም እላለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል። ምናልባት ሱቅ ብገባ ኖሮ እንዲህ ባልደከምኩ ነበር። ቢሆንም ዛሬ ከዚያ አውቶቡስ ብወርድ፣ እየደከመኝም ቢሆን፣ ወደዚያው ቢሮ የምሄድ ይመስለኛል።