በሁለተኛው ጥቅል የታየው መጋዝ

ሸዋዬ ሆርዶፋ ልትፈታው የነበረባት ችግር ሲናገሩት ቀላል ነው፤ አራት የፊልም ጥቅሎች አሉ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ ሰው ግን የለም።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ሸዋዬ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ምሥራቅ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ አዳራሽ ፊልም አሳዪ ነበረች። ያደገችውም እዚያው ነው፤ ዛሬ ቪላ የቆመበት መሬት ያኔ የአባቷ የጤፍ ማሳ ነበር። ፕሮጀክተር ማሠራት የተማረችው በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ስትሠራ፣ መምህሩ ፊልም ሲያስገባ ከበሩ ቆማ እያየች ነው። አንድ ቀን መምህሩ ታሞ ቀረ። «እኔ ልሞክረው» አለች፤ ሞከረችው፤ ሠራ። እንግሊዝኛዋ የማታ ትምህርት እንግሊዝኛ ነው፤ ዝግ ያለ ነው፣ ግን መዝገበ ቃላት አጠገቧ ካለ አይቆምም።

ፊልሙ ከአንድ የውጭ አገር የባህል ተቋም በውሰት የመጣ ነው። የቆርቆሮ ሣጥኑ ውሃ ገብቶበት፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተላልጠዋል። አንደኛውን ጥቅል ማወቅ አላስቸገረም፤ «የእንጨቱ ድልድይ» የሚል ርእስ አለበት። የመጨረሻውም «ተፈጸመ» በሚለው ጽሑፍ በታወቀ ነበር፤ ግን የሁሉም ጥቅሎች የመጨረሻ ጫፍ ተበጣጥሶ ተቆርጧል።

ታዲያ አስቀድሞ አጫውቶ ማየት አይቻልም ነበር? አይቻልም። ፕሮጀክተሩ የቀረው አንድ አምፖል ነበር፤ እሱም መጥቆር ጀምሯል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ አምፖሉን ነቅለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል።

«የሚወጣው ለእሁድ ብቻ ነው» አሏት። «ባለፉት ሁለት ፊልሞች ሕዝቡ ከመሃል ተነሥቶ ወጣ። ይሄም ከከሸፈ አዳራሹ የእህል መጋዘን ይሆናል፤ ተወስኗል።»

«እኔስ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«አንቺማ ጆንያ ትጠብቂያለሽ። ጆንያ ተነሥቶ አይሄድብሽም!»

ሸዋዬ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከርእሱ ሥር «ከኢዲት ዋርሎው ድርሰት የተወሰደ» የሚል አለ። መጽሐፉ ከተገኘ ቅደም ተከተሉ ተገኘ ማለት ነው! ወደ ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ወደ ጋሼ ገብረየስ ሮጠች። ስሙን ስትጠራላቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ዋርሎው! የልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ እመቤት ናት እኮ። ሦስት ታላላቅ መጻሕፍት አሏት፤ ሦስቱም ፊልም ሆነዋል። ሦስቱም እዚህ መደርደሪያዬ ላይ አሉ። ገጽ አታጥፊብኝ እንጂ ውሰጂ።»

«የእንጨቱ ድልድይ»ን ወስዳ፣ ሌትም ቀንም መዝገበ ቃላት እያገላበጠች በሁለት ቀን አነበበችው። አግነስ የምትባል ባልቴት ከወንዝ ማዶ ብቻዋን ትኖራለች፤ ወደ መንደር የሚያሻግራት የእንጨት ድልድይ አለ። ድልድዩ ተሰብሮ ሰው ይሞታል፤ ምሰሶው በመጋዝ የተቆረጠ ሆኖ ይገኛል። ማን ቆረጠው? መጽሐፉ አንባቢውን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ያስጨንቀዋል፤ እዚያ ላይ የባሏ ወንድም መሆኑ ይገለጣል።

ከዚያ ሸዋዬ ጥቅሎቹን ይዛ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ፊልም ማለት በመስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ፎቶግራፎች ናቸው፤ በአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ያልፋሉ። ወደ ብርሃን አንሥቶ በማጉያ መነጽር ላየው እያንዳንዱ ጥፍር የሚያህል ሥዕል ነው። አንድ ክንድ ትፈታለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። ሦስት ቀን እንዲህ ሠራች።

በሁለት ጥቅሎች ላይ የአግነስ ቀኝ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በአንዱ ድልድዩ ቆሟል፣ በሌላው ይሰበራል። የቀረው ጥቅል ላይ ፋሻ የለም። እዚያ ላይ ነው የባሏ ወንድም መጋዝ ይዞ ምሰሶውን ሲቆርጥ የሚታየው።

«እሱማ መጨረሻው ነው» አሉ ጋሼ ገብረየስ። «ወንጀለኛው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ፋሻውስ፣ ጋሼ?»

«ትዝታ ነዋ! ወደ ኋላ ተመልሶ ሲናዘዝ እያሳየ ነው። ያኔ እጇ ደኅና ነበር።»

አሳማኝ ነበር። ሸዋዬም ጥቅሉን አራተኛ ልታደርገው ወስና ነበር፤ ግን ጫፉ ድረስ አልፈታችውም ነበርና፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቀረችውን ክንድ ፈታች። አግነስ ማንቆርቆሪያ ታነሣለች፤ የፈላው ውሃ ቀኝ እጇ ላይ ይፈስሳል፤ ጥቅሉ እዚያው ያልቃል። ፋሻው የመጣው ከዚህ ቃጠሎ ነዋ! ስለዚህ ይህ ጥቅል ከፋሻዎቹ በፊት ይመጣል፤ ሁለተኛ ነው። ጮኻ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ጋሼ ገብረየስ ግን አልተደሰቱም።

«ወንጀለኛውን በሁለተኛው ጥቅል ካሳየሽ ምን ቀረሽ? ማን ቁጭ ብሎ ያያል? የትኛው እብድ ነው እንዲህ ፊልም የሚሠራው?»

«የሆነ እብድ ሠርቶታል፤ እጇ ይመሰክራል።»

«እኔ መጽሐፉን አምናለሁ። አዳራሽሽ መጋዘን ሲሆን ትመጫለሽ!»

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። አዳራሹ ሞልቷል። ሸዋዬ ተዋናዮቹ የሚሉትን በማይክሮፎን ባጭር ባጭሩ እየተረጎመች አንደኛውን ጥቅል ጨረሰች፤ ሁለተኛውን አስገባች። መጋዙ ታየ። የሰውየው ፊት ታየ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሳቀ።

«አለቀ በቃ! ሌባውን አወቅነው። ተነሡ እንሂድ!»

ጥቅል የምትለውጥባቸው ደቂቃዎች ነበሩ፤ መብራቱ በርቷል፣ በሩ ክፍት ነው። ጓድ መኩሪያ አንገታቸውን አዙረው አዩአት። የፊልሙ ጫፍ ከፕሮጀክተሩ ማርሽ ጥርስ አልገባ አላት።

«አንተ ሂድ» አሉ ከፊተኛው ወንበር እትዬ ዘርፌ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ። «እኔ ሴትዮዋን ጥዬ አልሄድም። ያ ሰው በላ እንጨቱን ቆርጦባት!»

ማንም አልተነሣም። ጎረምሳውም ተቀመጠ።

ሦስተኛው ጥቅል ጀመረ። ፖስተኛው ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ድልድዩ መጣ። ፊልሙ ላይ ምንም አስፈሪ ነገር የለም፤ ሰውየው ያፏጫል፣ ወፍ ይጮኻል። አዳራሹ ግን ተናወጠ። «ኡኡ! ተመለስ!» እንጨቱ ተንቋቋ፤ ፖስተኛው ተሻገረ። ሰው ሁሉ በአንድነት ተነፈሰ። ወዲያው የጎረቤት ሕፃን በግ እየሳበች መጣች፤ የጎሮው ገበሬ አባ በዳሳ ከወንበራቸው ዘለው «ሂን ዴሚን! ሂን ዴሚን!» እያሉ ልጅቷ እንዳትሄድ ይጮኹላት ጀመር። እሷም ተሻገረች። በአራተኛው ጥቅል አግነስ ራሷ ጫማዋን አጥልቃ ከቤት ስትወጣ፣ ጓድ መኩሪያ ቆመው ነበር፤ ከኋላቸው «ይቀመጡ እንጂ፣ ይጋርዱናል!» ሲባሉም አልሰሙም።

በማግስቱ አምፖሉን ራሳቸው አመጡላት። «ለሚቀጥለው ወር ለተቋሙ ጻፊ፤ የዚችኑ ደራሲ ሌላ ፊልም ካላቸው ይላኩ።»

ሸዋዬን ያስደነቃት ግን ጥቅሎቹ በትክክል መሰደራቸው ብቻ አልነበረም። ደራሲዋ ሚስጥሩን ደብቃ «ማን ነው?» ታሰኛለች፤ ፊልም ሠሪው ሚስጥሩን ገልጦ «መቼ ይሆን?» ያሰኛል። ታሪኩ ያው ነው፤ ጭንቀቱ የተለየ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተር ገዝታ በመሃል አሰመረች፤ በግራ መጽሐፉን፣ በቀኝ ፊልሙን ትጽፋለች። ሁለተኛው ፊልም «የተቆለፈው ጓዳ» ከስንት ወር በኋላ ኅዳር ላይ ሲመጣ፣ ፍጻሜው ከመጽሐፉ ፈጽሞ መለየቱን አይታ ጋሼ ገብረየስ ዘንድ ሮጠች፤ ሲከራከሩ አመሹ። ሦስተኛው ገና አልመጣም።

አሁን፣ በ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ የራሷን እየሞከረች ነው። ለቀበሌው የኪነት ቡድን ተውኔት ጽፋለች። በመጀመሪያው ትዕይንት አንድ ሰው ላምበረት አጠገብ የቆመ አውቶቡስ የጎማ ብሎን ሲያላላ ተመልካች ያያል፤ ከዚያ ተሳፋሪዎቹ እየሳቁ ይሳፈራሉ። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ያስቸገረቻት ዋናዋ ተዋናይ ደሪቱ ናት።

«ደሪቱ፣ ጎማውን አትዪው!»

«እንዴት አላየውም? ሲፈታው አይቼ እኮ ነው የመጣሁት!»

«ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ተሳፋሪዋ አላየችም።»

«ተሳፋሪዋ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

የመጀመሪያውን ትዕይንት እንዳታይ ውጭ አቆመቻት፤ ደሪቱ በበሩ ቀዳዳ አየችው። ፊቷን ወደ ተመልካች እንድታዞር አደረገቻት፤ በዓይኗ ጥግ ሰርቃ አየችው። ትናንት ደግሞ ጎማው ጋ ስትደርስ አማተበች።

ዛሬ ሸዋዬ ከእትዬ ዘርፌ አንድ የማታርፍ ቄብ ዶሮ ተውሳ መጥታለች። ደሪቱ ዶሮዋን እንዳታመልጣት በሁለት እጇ አቅፋ ትሳፈራለች፤ ዓይኗ ከዶሮዋ አይነቀልም የሚል ግምት ነው። ቡድኑ ቦታ ቦታውን ይዟል። ሸዋዬ ደብተሯን ከፍታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ የደሪቱን ዓይን ትከታተላለች። ዶሮዋ ክንፏን ታራግባለች፤ ደሪቱም እግሯን ወደ አውቶቡሱ ደረጃ እያነሣች ነው።