በእህቴ ቀሚስ እስከ ኦክላንድ

ሊነጋጋ ሲል ከቤት የወጣሁት በእህቴ አበባማ ቀሚስ ነው። ያለበሰችኝ እናቴ ናት። ጊዜው ወንድ ልጅ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚወሰድበት ነበር፤ እኔም ለአቅመ ጠመንጃ የደረስኩ ወንድ ነኝ ተብሎ ይታመን ነበር። ሻሽ አሰረችልኝ፣ ነጠላ አከናነበችኝና ራቅ ብላ አይታኝ፣ «ያምርብሻል እኮ፣ አንቺ!» ብላ ሳቀች። ኬላው ላይ ታጣቂው ወንዶቹን ከአውቶብሱ ሲያስወርድ እኔን «አንቺ ተቀመጪ» አለኝ። ሰው ሁሉ በፍርሃት ደርቆ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ከመንግሥት ሰው ትክክለኛ ነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሱዳንን ልዝለላት፣ ሙቀቷን የቀመሰ ያውቀዋል። አሜሪካ ገብቼ ኦክላንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። እዚህ እንደኛው ክረምት ሐምሌ ላይ ይበርዳል፣ ዝናቡ ግን የለም። ዳቦው ሳይቀር ስኳር አለው። እንደኔ ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት ለሆኑ ሰዎች ሆርሞን የሚሰጥ ክሊኒክ እንዳለም ሰማሁ። ችግሩ ሐኪሙ ሴትነቴን ካላመነ አይሰጥም። ከዚያ ወዲያ የምሄድበት ሌላ በር አልነበረኝም።

ተራ ስጠብቅ ዶና የምትባል የጎረቤት ከተማ የሄይዋርድ ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ የሐኪሙን ፈተና አልፋለች። «የኔ ማር፣ በአሻንጉሊት ተጫውቼ ነው ያደግኩት በይው። ሐኪሞቹ ያነበቡትን መጽሐፍ እኛም አንብበነዋል» አለችኝ።

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው። እንግሊዝኛ ‹ዩ› ብሎ ያመልጣል፣ አንተ ይበል አንቺ አይታወቅም። ስለዚህ እዚህ ላይ ‹አንቺ› ያስባልኩት እኔ ነኝ።

«ልጅ ሳለሽ በአሻንጉሊት ትጫወቺ ነበር?»

የዶናን ምክር ልድገም ብል አፌ እምቢ አለኝ። «ብይ ነበር የምጫወተው። የሰፈሩን ብይ ሁሉ በልቻለሁ።»

በላሁ ማለት አሸነፍኩ መሆኑን ረስቼ ‹ኤት› ብዬ ተርጉሜው ኖሯል፤ ሐኪሙ ሆዴን ሊዳብስ ብድግ አለ። ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እዚህ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ዓይነት ልጅነት ነው የሚነግረኝ» አለ። «መድኃኒቱን ይዘን ስለምንጠይቅ ደስ የሚለንን ይነግሩናል። እኛም ያንኑ ጽፈን ሪሰርች እንለዋለን። ለመሆኑ እንደ ሴት የሚጠራሽ ዘመድ አለሽ?»

«እናቴ አንቺ ትለኛለች።»

«ታውቃለች ማለት ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ‹የስ› ትበቃኝ ነበር። «አታውቅም» አልኩት። «እኛ አገር እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ አንቺ ትለዋለች። ሴቷን ደግሞ አንተ።»

«ታዲያ እንዴት ትለዩታላችሁ?»

«አንዳንዴ አንለየውም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ክኒኑ ደም ሊያረጋ እንደሚችል፣ ልጅ መውለድ ሊያስቀር እንደሚችል ነገረኝ። «ከብዙ ዓመት በኋላ ምን እንደሚያመጣ ግን አላውቅም። በቂ ጥናት የለም። ይህንን ሰምተሽም ትፈልጊያለሽ?»

አገር ቤት ሐኪም አላውቅም ካለ የሚቀረው ጠበል ነው። እኔ ግን ሐኪሙን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። «እፈልጋለሁ» አልኩት፣ ክኒኑን አዘዘልኝ።

«ድምፅሽን አይለውጠውም» አለኝ ስወጣ። እሰይ አልኩ። እናቴ በስልክ አታውቅብኝም።

እሁድ ደወልኩላት።

«እህትህ ዛሬም ቀሚሴን እያለች ትነዘንዘኛለች» አለች። «ጣልከው እንዴ?»

«አልጣልኩትም።»

«ታዲያ ምን ታደርግበታለህ?»

ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። «እለብሰዋለሁ።»

ድምፅዋ ዝግ ብሎ መጣ።

«አሁንም ልክሽ ነው?»

«ልኬ ነው፣ እማዬ።»

አቆላምጣኝ ይሁን ገብቷት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።