የዊዳድ ጥንቸሎችና የፈላ ውሃ

ዊዳድ በንፋስ መውጫ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ አንዴ የያዘችውን የማትለቅ ሴት ናት። አምና ወንድሟ ካሚል ከባሕር ዳር አራት ጥንቸሎች ሲያመጣላት ሰፈሩ ሳቀ። ክርስቲያኑ ጎረቤት ጥንቸል አይበላም፤ ሙስሊሙም ቢሆን እምብዛም አልለመደውም። እሷ ግን ጓሮዋ ውስጥ የሳንቃ ቤት ሠርታ ታረባቸው ጀመር።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲበረታ የጥንቸሎቹ ልጆች ማለቅ ያዙ። ሆዳቸው ይነፋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ በሦስተኛው ቀን ድርቅ ብለው ይገኛሉ። እናቶቻቸው ግን ደህና ናቸው። ዊዳድ አሥራ አንድ ቀበረች።

«ተይ ልጄ፣» አሏት ጎረቤቷ እማማ ስንዱ በአጥር በኩል። «እግዜር ያልወደደው እንስሳ አይበጅሽም። ምልክት ነው።»

«ምልክት ከሆነ እናቶቹን ለምን ማራቸው፣ እማማ?»

ካሚልም መጥቶ «አርደናቸው እንገላገል» አለ።

«አንተ አመጣሃቸው፤ አሁን የእኔ ናቸው። እጅህን አንሳ!»

በማግስቱ በጠጣቸውን በላስቲክ ቋጥራ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄደች። ባለሙያው ደምሌ «ለጥንቸል ነው?» ብሎ ፈገግ አለ።

«ለጥንቸል ነው። ምነው፣ ነፍስ የላትም?»

ደምሌ አፈረና ማይክሮስኮፑን አወጣ። ዊዳድ ጎንበስ ብላ ስታይ ዕንቁላል የመሰሉ ድቡልቡል ነገሮች ሞልተዋል።

«የጨረሰብሽ ይኸ ነው፤ ኮክሲዲያ ይባላል» አላት። «እናቲቱ ሳትታመም ተሸክማው ትኖርና በበጠጧ ታወጣዋለች። እርጥብ ወለል ላይ ሁለት ቀን ካደረ ይበስላል፤ ልጆቹ ከሣሩ ጋር ይውጡታል። አንጀታቸው ውስጥ እየተራባ ይልጠዋል። እነሱም በተራቸው አእላፉን ይበትኑታል።»

«በየሳምንቱ በበረኪና አጥባለሁ እኮ!»

«በረኪና ምንም አያደርገውም። ጠላቱ የፈላ ውሃና ድርቀት ነው።»

የሚጠጡት ውሃ ላይ የሚጨመር መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። የዚያኑ ቀን ወለሉን ነቅላ ጣለች። ቤቱን በአራት ቋሚ ከመሬት አነሳችው፤ በጠጡ ወደ ታች እንዲወርድ የሽቦ ወንፊት አነጠፈችበት፤ ሣሩንም ከግድግዳው አንጠለጠለችው። ካሚል እያጉረመረመ ምስማር ያቀብላታል። ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት ሳንቃውን በፈላ ውሃ ትለበልባለች። አንድ ቀን እጇን አቃጠላት፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች።

ሦስት ተጨማሪ ሞቱባት። አንዱ መዳፏ ላይ ሲያጣጥር ጥርሷን ነክሳ «አልተውም» አለች፤ ለማን እንዳለችው ግን እሷም አታውቅም።

በኅዳር ወር ሰባት ልጆች ተወለዱ። አንዱ ሞተ፤ ስድስቱ ጡት ጥለው ሣር ጋጡ።

«አሁንም አልተውሽም?» አሉ እማማ ስንዱ።

«አልተውኩም። ይልቅ ይግቡና ይዩዋቸው።»

እማማ አማተቡ። ከዚያም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ።