በትምህርቱ ላይ የተቀዳ ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ኮሎምቢያ ሲቲ በተባለው ሰፈር የሚገኘውን የቤታችንን ምድር ቤት ስታጸዳ አንድ አሮጌ ካሴት ይዛ ወጣች። አቧራውን በሱሪዋ ጠርጋ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችውና «ዳዲ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?» አለችኝ። በላዩ ላይ በእኔው እጅ «ሜሶጶጣሚያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማጫወቻ እስካገኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ስጫን ግን ከጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ቃላት በኋላ የሰማሁት ሜሶጶጣሚያን አልነበረም፤ ቆሎ የሚቆረጥም ሽማግሌ ነበር።

ስለዚህ ቀጥሎ የምተርከው ከፊሉ ከትዝታዬ፣ ከፊሉ ከካሴቱ የመጣ ነው። ሁለቱ በተጋጩበት ቦታ ካሴቱን አምኛለሁ። በትዝታዬ ላይ የነበረኝ እምነት በዚያች ሰኞ ክፉኛ ተነቃንቋል።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ወሩ መስከረም ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጥንት ሥልጣኔዎችን ታሪክ እማር ነበር። በሳምንት አራት ቀን ደግሞ መሀል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ፣ አንዲት ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ የሚገቡትን መኪኖች ሰዓት በቲኬት ላይ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ የነበረኝን ጉጉት ዛሬ በቃል መመለስ ይከብደኛል። የሰው ልጅ በሸክላ ጽላት ላይ መጀመሪያ የጻፈው ጸሎት ወይም የፍቅር ቃል ሳይሆን የገብስና የጠላ ቁጥር መሆኑን የሰማሁ ዕለት ከመቀመጫዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሳንቲም መጣና በግና ጨርቅ፣ ማርና ጉልበት በአንድ መለኪያ ተመዘኑ፤ መምህራችን እንደሚሉት ሰዎች «ከነገሮች ሁሉ በስተጀርባ ያለው አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብለው መጠየቅ የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ሳብሰለስል በአውቶቡስ መውረጃዬን ያለፍኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

መምህራችን አንድ ጥያቄ ሰጡን፦ ጽሕፈት የሌለው ሕዝብ ረቂቅ ነገር ማሰብ ይችላልን? ከሁሉ የተሻለውን መልስ የጻፈ ተማሪ ረዳታቸው ሆኖ ይቀጠራል፤ የትምህርት ክፍያውም ይሸፈንለታል። ለእኔ ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ለቀጣዩ ዓመት የምከፍለው ስላልነበረኝ፣ ዕድሉ ካመለጠኝ ትምህርቴ እዚያው ላይ ያበቃል። ጽሑፉ ዓርብ ይገባል፤ ረቡዕ ዕለት ወረቀቴ ገና ባዶ ነበር።

በዚያ ረቡዕ አባባ ወልደየስ ዳሱ ውስጥ አብረውኝ ነበሩ። ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር ክፍል ያከራየችኝ የእታገኝ አባት ናቸው፤ ልጃቸው ከአገር ቤት ካመጣቻቸው ገና ስምንት ወራቸው ነበር። ቤት መዋል ሲሰለቻቸው ተከትለውኝ ይመጡና የተገለበጠ የወተት ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ። በአንድ ኪሳቸው ቆሎ፣ በፌስታል ደግሞ ከመንገድ ዳር የለቀሙት ጥቁር እንጆሪ አይጠፋም። «ይህን ሁሉ ፍሬ ጥለው በመኪና ይሽቀዳደማሉ!» እያሉ ይገረማሉ።

«ምን ይላሉ ፈረንጁ?» አሉኝ፣ መጽሐፌ ላይ ተደፍቼ ቢያዩኝ።

«ፊደል የማያውቅ ሕዝብ በጥልቀት ማሰብ ይችላል ወይ ነው ጥያቄው።»

«እንዴ! እኔስ ፊደል መች ቆጠርኩ? ታዲያ ሳላስብ ነው አምስት ልጅ የዳርኩት?»

እየሳቅኩ፣ ክፍል ውስጥ የቀዳሁትን የመምህሬን ድምፅ ላሰማቸው ብዬ መቅረጸ ድምፄን አወጣሁ። ካሴቱ እንደሚመሰክረው ግን በማጫወት ፈንታ መቅዳት ጀምሬያለሁ፤ በትምህርቱ ላይ የእኛው ጨዋታ ተቀዳበት።

ያኔ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው መኪናውን ሊወስድ መጣና የጠየቅኩትን ክፍያ ሲሰማ ተቃወመ። ያን ያህል አልቆየሁም አለ። ቲኬቱን አንሥቼ «ጌታዬ፣ እዚህ ተጽፏል» አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ከፈለ።

«ሰውዬው እኮ እውነቱን ነው» አሉ አባባ።

«እንዴት አባባ? ሰዓቱ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«የጻፍከውን አላነብ፤ ሰውዬውን ግን አይቻለሁ። የገባው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። አንተ መጽሐፍህ ላይ ተደፍተህ ነበር።»

ከእርሱ በፊት የገባውን መኪና ቲኬት ባየው የዚያኛው ሰዓት ከእርሱ ይዘገያል። ለካ አንድ ሰዓት ቀንሼ ጽፌ ኖሯል!

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሩጥ!»

ሮጥኩ። መኪናው ቀይ መብራት ይዞት ደረስኩበት፤ ትርፉን ብር በመስኮት ሰጥቼ የወረድኩትን ቁልቁለት እያለከለክኩ ወጣሁት። አባባ ግን አይስቁም ነበር።

«የእኔም አባት እንዲሁ ነው የተረቱት» አሉ። «ወሎ። የመሬታችንን ወሰን ከዋርካው እስከ ወንዙ፣ ሰባት ትውልድ እየጠሩ ለዳኛው አወረዱለት። መሬቱ የእኔ ነው ያለው ጌትዬ ዝም ብሎ ቆሟል። ጸሐፊው አንዲት ወረቀት አወጣ። በቃ! ከዚያ ወዲያ ጭሰኛ ሆንን።» በካሴቱ ላይ እዚህ ጋ ቆሎ ሲቆረጠም ይሰማል። «ማሰቡንማ አባቴም አስበዋል፤ ጌትዬውም አስቧል። ወረቀቷ የሠራችው ምን መሰለህ? የማንኛቸው ሐሳብ ሐሳብ እንደሚባል ቆረጠች።»

ዓርብ ጽሑፌን አስገባሁ። ጽሕፈት ማሰብን አልፈጠረም፤ ሀብትና ሥልጣን ካለው ጋር ሆኖ፣ የማን ሐሳብ እንደሚቆጠር ወሰነ፤ ይላል። መምህሬ በክፍሉ ፊት አነበቡት። ረዳት ሆንኩ፤ ተመረቅኩ፤ በኋላም እኔው መምህር ሆኜ ያንኑ ሐሳብ በየዓመቱ አስተማርኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ሐሳቡ በዝናብ ቀን፣ በአውቶቡስ መስኮት በኩል ሳይ የመጣልኝ ነው እል ነበር። መስኮቱ ላይ የነበረው ጤዛ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። በዚያ ትዝታ ውስጥ አባባ ወልደየስ ቆሎ ይበላሉ፣ «ሩጥ!» ይላሉ፤ ሌላ ምንም አይሉም።

ካሴቱ ላይ ግን የአንድ ጎረምሳ ድምፅ በደስታ ይጮኻል፦ «አባባ፣ እስቲ ይድገሙልኝ! ቀስ ይበሉ፣ እየጻፍኩ ነው!»

«ጻፈው እንጂ፤ ለዚህ አይደል የተማርከው» ይላሉ ሽማግሌው፣ እየሳቁ።

ያኔ እያወቅኩ ይሁን ሳላውቅ፣ ስማቸውን ከጽሑፌ ትቼዋለሁ። አባባ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ማታውን ሳልጠብቅ ለእታገኝ ደወልኩ።

«እታገኝ፣ የአባባን ድምፅ አገኘሁ።»

«ሪሊ?» አለች፤ ቀጥላም በቀጭን ድምፅ፣ «ምን ይላሉ?»

ያንን ሐሳብ ለሠላሳ ዓመት ያህል «እኔ እንደማምነው» ብዬ ነበር የምጀምረው።

«አባባ እንዳሉት…» ብዬ ጀመርኩ።