አባቴ የማይረግጣት ደሴት

ከጂንካ ወጣ ብሎ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ የሚገናኝበት ቦታ አለ። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ደሴት በደርግ ጊዜ የወታደር ካምፕ ነበረች። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ተበተነ፣ ቆርቆሮውን ሰው ነቅሎ ወሰደው፣ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ኋላ ላይ የእንጨት ድልድይ ተሠርቶላት፣ ዥዋዥዌ ተሰቅሎባት መናፈሻ ሆነች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ፎቶ ያልተነሳ ሙሽራ እንዳላገባ ይቆጠራል!

አባቴ ከተበተኑት ወታደሮች አንዱ ነው። ልብስ ሰፊ ሆኖ ጂንካ ቀረ። ደሴቷን ግን አይረግጥም። “ወባ የጣለውን ጓደኛዬን ትቼ የወጣሁበት ቦታ ነው፤ ሳይተርፍ ቀረ” ይላል። እኔ ደግሞ ለሠርጌ የተመኘሁት አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ ከአባቴ ጋር ፎቶ መነሳት። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ።

“ቬሎሽን ሰፍቼልሻለሁ፤ ይበቃሻል” አለኝ። አቤት ግትርነቱ!

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን በባጃጅ አጀብ ያለ እሱ ወደ ደሴቷ ሄድን። ከተማው ፀሐይ ነው፤ ወንዙ የሚመጣባቸው የአሪ ተራሮች ግን በደመና ጠቁረዋል። እዚህ ተወልጄ አድጌ፣ እላይ ሲዘንብ ወንዙ እታች እንደሚሞላ ጠፍቶኝ ነው? ሠርግ ያጃጅላል! ፎቶ አንሺው “አንድ ብቻ! የመጨረሻ!” ሲል ሲል ድልድዩ በውሃ ተዋጠ። ከሰሜን ተመድቦ የመጣው አስተማሪ ባሌ “ቶሎ ይጎድላል?” ይለኛል። ቤት ድግሱ እየጠበቀን ነው። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

በዚህ መሃል አባቴ ከማዶ ብቅ አለ። የሠርግ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ።

“ማንም እንዳይነቃነቅ!” ብሎ ጮኸ።

ወንዙ ዳር ወዳለ ሾላ ዛፍ ወረደና ድሮ ወታደሮቹ በሚሻገሩበት በኩል፣ ውሃውን በዱላ እየለካ ገባ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩት። ደረሰ። ይቆጣናል ስል ዥዋዥዌው አጠገብ ሄዶ ቆመ።

“የጓደኛዬ አልጋ እዚህ ነበር” አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “በይ ተቀመጪ። እዚህ ቦታ ሰው ሲስቅ ልስማ እስቲ።”

ቬሎዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ገፋኝ። እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ።

“አንተ ምን ትጠብቃለህ፣ አንሳን እንጂ!” አለው ፎቶ አንሺውን።

ከዚያ እጅ ለእጅ አያይዞ፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ አሻገረን። ማዶ ስንደርስ እንደገና ቆጠረን። ሁላችንም ነበርን።