የታጠበው የአባቴ ዶላር

ያኔ ሐርጌሳ ከጦርነቱ ገና እያገገመች፣ ሰው ሁሉ የፈረሰ ቤቱን በብሎኬትና በቆርቆሮ ይጠግን ነበር። እኔ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ልብስ አጥቤ እየተኮስኩ እኖራለሁ። ዶላርም አጥባለሁ። መንዛሪዎች የቆሸሸ ዶላር ስለማይቀበሉ ሰው ያመጣልኛል፤ በሳሙና ለቅለቅ አድርጌ፣ ጨርቅ ሸፍኜ እተኩሰዋለሁ።

ልጄ ስትታመምብኝ የአባቴን ዶላር ይዤ አንድ መንዛሪ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ጅቡቲ ወደብ ሲሠራ አንድ መርከበኛ የሰጠው ነው፤ ሰፊ፣ ቡናማ ማኅተም ያለው፣ ድሮ አንድ የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ባንክ በራሱ ስም ያሳተመው። ጥጉ ላይ አባቴ የተወለድኩበትን ቀን በብዕር ጽፎበታል።

መንዛሪው አገላብጦ አየውና፣ "ወላሂ፣ ይሄ የሞተ ገንዘብ ነው። ለልጅሽ ብዬ ልውሰድልሽ" አለኝ። የሰጠኝ ለመድኃኒቱ እንኳ አልበቃም። ልጄ በአላህ ፈቃድ ዳነች።

ልብሱን የማጥብለት አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አሮጌ ዶላር ይሰበስብ ነበር። ስለ አባቴ ዶላር ስነግረው ራሱን ያዘ። የዓመት የቤት ኪራይ ያወጣ ነበር አለኝ። አልበሙን እያሳየኝ፣ "እጥፋቱም እድፉም ዕድሜው ነው። ከታጠበና ከተተኮሰ ግን አልገዛውም" አለ።

ተቃጠልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ግን ቂሜን ይዤ ሰገድኩ።

ወሬው መንዛሪው ጆሮ ደረሰ። ገዢ መኖሩን ሰማ እንጂ ገዢው ምን እንደሚፈልግ አልሰማም። አንድ ቀን የአባቴን ዶላር ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። የማን እንደነበረ ረስቷል፤ ወይም አላፈረም።

"እህቴ፣ ፈረንጁ ይሄን ሊገዛኝ ነው። አዲስ አስመስዪልኝ።"

መናገር እችል ነበር። "እሺ ወንድሜ፣ ነገ ውሰድ" አልኩት።

ውሃ ሲነካው መጀመሪያ የለቀቀው የአባቴ ቀለም ነው። እጄ ቆመ። ከዚያ ሳሙና ጨመርኩበት። ካውያውንም አግዬ ድርቅ እስኪል ተኮስኩት።

መሐንዲሱ አሸተተው አሉ፤ ሳሙና ሸተተውና መለሰለት። መንዛሪው እየጮኸ መጣብኝ።

"እንዳዘዝከኝ ነው ያደረግሁት" አልኩት። "ግን ወላሂ፣ ይሄ የሞተ ገንዘብ ነው። ለልጆችህ ብዬ ልውሰድልህ?"

ፊቴ ላይ ወርውሮት ሄደ።

ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ንጹሕ ነው፣ ጥጉ ባዶ ነው። የተወለድኩበት ቀን ሌላ ቦታ አልተጻፈም፣ በቃሌም አልያዝኩትም፤ ዕድሜዬን ሲጠይቁኝ በግምት ነው የምናገረው። ያ ሰውዬ ነገ ይዞት ቢመጣ ግን ደግሜ አጥበዋለሁ።